ሞትን «አንተ» ማለት፤ የጆን ደንን ግጥም በቡሪ ስናነብ

በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ውስጥ ተማሪን ከሚያስቸግሩ ግጥሞች አንዱ፣ ባለቅኔው ጆን ደን ሞትን ፊት ለፊት ይዞ የሚሞግትበት ባለ 14 ስንኝ ግጥም ነው። ግጥሙ አጭር ነው፤ ቃላቱም አብዛኞቹ ቀላል ናቸው። ይሁን እንጂ ተማሪው መዝገበ ቃላት ገልጦ የእያንዳንዱን ቃል ፍች ካገኘ በኋላ እንኳ «ታዲያ ምን ማለቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩም አብዛኛውን ጊዜ «ሞት ኀይል የለውም፤ ነፍስ አትሞትምና አትፍሩ ማለቱ ነው» ሲል ይመልሳል። ተማሪው ይህንኑ በደብተሩ ገልብጦ ለፈተና ያጠናል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ መሆኑን፣ ግጥሙንም ለመረዳት የገዛ ቋንቋችንና የቅኔ ባህላችን ትልቅ እገዛ ሊሰጡን እንደሚችሉ ነው።

ጥያቄው የደረሰብን በካርቱም ከተማ፣ በቡሪ ሰፈር ነው። ቡሪ ከአገራችን የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመገናኘቱ በፊት በደቡብ ዳርቻው የምትገኝ ሰፈር ናት። ቡሪ አል ማሐስ፣ ቡሪ አል ደራይሳ፣ ቡሪ አል ላማብ እየተባሉ የሚጠሩ፣ ቀድሞ መንደር የነበሩና ኋላ በከተማይቱ የተዋጡ ክፍሎች አሏት። በዚያ ለሚኖሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ማታ ማታ እንግሊዝኛ እናስጠና ነበር። ይህን ግጥም በምናነብበት ሳምንት ከመንገዱ ማዶ አንድ ሱዳናዊ ጎረቤት ዐርፈው ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሱዳኖች የኀዘኑን ሥርዓት «ብካ» ይሉታል፤ ለቅሶ ማለት ነው፤ እኛም «ለቅሶ ደረስን» እንደምንለው ነው። መጪው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ፋቲሓ አድርሶ ይቀመጣል። ከተማሪዎቹ አንዱ በመስኮት ወደ ድንኳኑ እየተመለከተ፣ «ሰውየው የሚለው እውነት ከሆነ፣ ሞትም ምንም ካልሆነ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን ያለቅሳሉ? እኛስ ለምን እናለቅሳለን?» አለን። የሰጠነው መልስ የችኮላ ነበር። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው ለማለት ይቻላል።

በመጀመሪያ ስለ ገጣሚው ጥቂት እንበል። ጆን ደን እ.ኤ.አ. በ1572 በለንደን ከካቶሊክ ቤተ ሰብ ተወለደ። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ካቶሊክ መሆን ለአደጋ የሚያጋልጥ ነበር። ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። ወንድሙ ሄንሪ አንድ ቄስ በቤቱ ሸሽገሃል ተብሎ ታሰረና እ.ኤ.አ. በ1593 ወኅኒ ቤት ውስጥ በበሽታ ሞተ። ደን ራሱ ኋላ ወደ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1615 ካህን ሆነ፤ በ1621 የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለቃ ሆኖ ተሾመ። በመካከሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1617፣ ሚስቱ አን 12ኛ ልጇን በወለደች በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተችበት። እርሱም በ1631 ዐረፈ። ግጥሞቹ በመጽሐፍ ተሰብስበው የታተሙት ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1633 ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ስለ ሞት የጻፈው ከሩቅ ሰምቶ አይደለም። ሞት በቤቱ ተመላላሽ ነበር።

ደንና መሰሎቹ «ሜታፊዚካል ባለቅኔዎች» ይባላሉ። ይህ ስም ተማሪውን ሲያስደነግጠው እናያለን፤ ግጥሙ ረቂቅ የፍልስፍና ትምህርት የያዘ ይመስለዋል። ስሙን ገጣሚዎቹ ለራሳቸው አላወጡትም። ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1693 ስለ ደን ሲጽፍ ቃሉን በነቀፋ መልክ ተጠቀመበት፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሳሙኤል ጆንሰን ለቡድኑ ሁሉ አዋለው። ጆንሰን ቅር ያሰኘው የተራራቁ ነገሮችን ያለ ፈቃዳቸው ማጣመራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 ግን ቲ. ኤስ. ኤልየት እነዚህ ሰዎች ሐሳብንና ስሜትን ሳይነጣጥሉ የያዙ ናቸው ብሎ ተከራከረላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ክብራቸው ከፍ አለ። ለምሳሌ ደን በሌላ ግጥሙ የሚለያዩ ባልና ሚስትን ነፍሶች በኮምፓስ ሁለት እግሮች ይመስላቸዋል። አንደኛው እግር መካከል ላይ ተተክሎ ሲቆም ሁለተኛው ይዞራል፤ የቆመውም ወደሚዞረው ያዘነብላል። ለዚህ ግጥም መምህሩ ከሒሳብ ክፍል አንድ ኮምፓስ ተውሶ ቢገባ ከአንድ ሰዓት ማብራሪያ የበለጠ ያስረዳል።

የተራራቁ ነገሮችን ማጣመር ለእኛ እንግዳ ነውን? አይደለም። በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ሰሙን በአንድ ወገን፣ ወርቁን በሌላ ወገን አድርጎ በአንድ ቃል ማገናኘት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃናም ሆነ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ በዚህ ጥበብ ይቆማል። ልዩነቱ የእኛ ባለቅኔ ወርቁን ሲሸሽግ ደን ግን ማነጻጸሪያውን በአደባባይ ዘርግቶ እንደ ጠበቃ መከራከሩ ነው። ስለዚህ ተማሪው «ሜታፊዚካል» የሚለውን ስም ሲሰማ ፍልስፍናን ከማሰብ ይልቅ «ሰሙ ምንድን ነው? ወርቁስ?» ብሎ ቢጀምር መንገዱ ይቀናዋል።

ወደ ግጥሙ እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ትንሽ ቃል አለ፤ ገጣሚው ሞትን የሚጠራበት ተውላጠ ስም ነው። የዛሬው እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ ቃል ብቻ ስላለው፣ እንግሊዛዊ ተማሪ በአሮጌው ቃል ውስጥ ያለውን ድፍረት መስማት ይቸግረዋል። በደን ዘመን ግን እንግሊዝኛም እንደ አማርኛችን ሁለት ዐይነት አጠራር ነበረው። አንደኛው ለታላቅና ለተከበረ፣ ሁለተኛው ለቅርብ ወዳጅ፣ ለልጅ፣ ለአሽከር፣ እንዲሁም ለእግዚአብሔር። ደን ለሞት የመረጠው ሁለተኛውን ነው። በአማርኛ «አንተ» ማለቱ ነው። ሰው ሁሉ የሚንቀጠቀጥለትን፣ ነገሥታት ሳይቀሩ የሚሰግዱለትን ጌታ «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ማለት ሲገባው «አንተ» ብሎ ይጠራዋል። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም። በቤቱ ውስጥ አንድ ልጅ የመንደሩን ሽማግሌ «አንተ» ቢል ምን እንደሚከተል ያውቃልና። የግጥሙ ግማሽ ጉልበት በዚህ አጠራር ላይ ነው።

በዘይቤ ትምህርታችን መሠረት ይህ ሰውኛና እንቶኔ ተደርበው የመጡበት ነው። ሞት ሰው ሆነ፤ ከዚያም እፊት እንደ ቆመ ሁሉ ንግግር ተደረገለት። ሰው ከሆነ ደግሞ የሰው ጠባይ አለው፤ ይኮራል፣ ይታበያል። የሚኮራ ሰው ሊዋረድ ይችላል። እንግዲህ ሰውኛው ለጌጥ የገባ አይደለም። ሞትን ሰው ማድረግ የሚያስፈልገው ሊሰድቡት ስለ ፈለጉ ነው።

ቀጥሎ ክርክሩ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ስንኞች በሁለት ቤት መምቻ ብቻ የተያያዙ ናቸው። በእነርሱ ውስጥ ገጣሚው አንደኛ፣ ገደልኋቸው የምትላቸው አልሞቱም ይለዋል። ሁለተኛ፣ እንቅልፍና ዕረፍት የአንተ ሥዕሎች ናቸው፤ ከሥዕሉ ደስታ ከተገኘ ከባለቤቱማ ምን ያህል ይገኝ ይሆን ብሎ ያፌዝበታል። ሦስተኛ፣ ደጋጎቹ ሰዎች ቀድመው ወደ አንተ የሚመጡት ዐጥንታቸው እንዲያርፍ፣ ነፍሳቸውም ነጻ እንድትወጣ ነው ይላል። ከዘጠነኛው ስንኝ ጀምሮ ቤት መምቻው ይለወጣል፤ ድምፁም ይጠነክራል። አንተ የዕጣ፣ የአጋጣሚ፣ የነገሥታትና ተስፋ የቆረጡ ሰዎች ባሪያ ነህ፤ መኖሪያህም ከመርዝ፣ ከጦርነትና ከበሽታ ጋር ነው፤ ማስተኛትንማ የእንቅልፍ መድኀኒትም ያውቅበታል ይለዋል። በመጨረሻም ከአጭር እንቅልፍ በኋላ ለዘላለም እንደምንነቃና ያን ጊዜ ሟቹ ሞት ራሱ እንደሚሆን ይናገራል። ይህ አያዎ ከቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስ የመጀመሪያ መልእክት፣ 15ኛ ምዕራፍ የተቀዳ እምነት ነው።

የእንቅልፉና የዕረፍቱ ክርክር ለአማርኛ አንባቢ ልዩ ጣዕም አለው። እኛ ስለ ሰው ሞት በአክብሮት ስንናገር «ዐረፉ» እንላለን። ገበሬው ከእርሻ ሲመለስም «ዐረፈ» እንላለን። በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይዘናል፤ ኅብር ቃል ሆኖ በየቀኑ በአፋችን አለ። ደን በስንኝ ደክሞ የሚያገናኛቸውን ሁለት ነገሮች አማርኛ ከጥንት አገናኝቷቸዋል።

እንግዲህ ከዚህ ላይ ብዙዎቻችን ትምህርቱን እንዘጋለን። የኂስ ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚህ ነው። ክርክሮቹን አንድ በአንድ እንመርምራቸው። በመጀመሪያው ክፍል ሞት ዕረፍት ሰጪ፣ ከእንቅልፍ የበለጠ ደስታ የሚገኝበት ነው ተብሎ ነበር። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ የእንቅልፍ መድኀኒት ከእርሱ የተሻለ ያስተኛል ተባለ። ሞት ከእንቅልፍ ከበለጠ መድኀኒቱ እንዴት በለጠው? ደግሞስ ሞትና እንቅልፍ በመልክ ቢመሳሰሉ፣ የተኛ ሰው ጧት ስለሚነሣ አይደለምን እንቅልፍን የማንፈራው? የሞተው ግን ጧት አይነሣም። የሞት ባርነትም ቢሆን ሟቹን የሚያጽናና አይደለም፤ ባሪያም ቢሆን ገዳይ ገዳይ ነው። በሎጂክ ሚዛን ሲለኩ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች በፊት ያሉት ክርክሮች ብዙዎቹ ያነክሳሉ።

ታዲያ ግጥሙ ደካማ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ዐይነቱን ማወቅ ነው የሚያስፈልገው። በእኛ አገር ጦረኛ ወደ ውጊያ ከመግባቱ በፊት ይፎክራል። ጠላቱን ያንቋሽሻል፣ ትውልዱን ያዋርዳል፣ ጀግንነቱን ይክዳል። ፉከራን ሰምቶ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» የሚል ሰው የለም። ፉከራ የሚፎከረው ለጠላት ብቻም አይደለም፤ በፎካሪው ሆድ ውስጥ ላለው ፍርሀትም ነው። ጠላቱን በእውነት የናቀ ሰው አይፎክርም፤ ዝም ብሎ ያልፋል። የደን ግጥም ሞት ላይ የተፎከረ ፉከራ ነው ብለን እናምናለን። ክርክሮቹ እርስ በርሳቸው የሚጋጩትም ተናጋሪው ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ እያነሣ ስለሚወረውር ነው። ደን ራሱ በሌላ መዝሙሩ ፍርሀት ኀጢአቱ መሆኑን ለፈጣሪው ተናዝዟል። በዚህ ዐይን ሲታይ የግጥሙ ሰም ድፍረት ነው፤ ወርቁ ፍርሀትና ፍርሀትን ያሸነፈ ተስፋ ነው። ተስፋው የቆመው በክርክሮቹ ላይ ሳይሆን በመጨረሻ በተነገረው የትንሣኤ እምነት ላይ ነው። ያን እምነት የማይጋራ ተማሪ ግጥሙ አላሳመነኝም ቢል የተሳሳተ መልስ ሰጠ አይባልም።

ስለ መጨረሻው ስንኝ አንድ ነገር እንጨምር። ስንኙ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ ሞት እንደማይኖር ይናገርና ወዲያው ዞሮ ሞትን «አንተ ትሞታለህ» ወደ ማለት ይሻገራል። በ1633ቱ እትም በሁለቱ መካከል ያለው ነጠላ ሠረዝ ነው። በኋላ ዘመን የታተሙ አንዳንድ መጻሕፍት ድርብ ሠረዝ አድርገው ቃለ አጋኖም ጨምረውበታል። ሄለን ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1952 ባዘጋጀችው እትም ነጠላ ሠረዙን ጠብቃለች። ይህ የአራሚዎች ጭቅጭቅ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖራል። አሜሪካዊቱ ማርጋሬት ኤድሰን ግን «ዊት» በተባለው ተውኔቷ፣ በካንሰር የምትሞት አንዲት የደን ግጥም ምሁርን ታሪክ በዚሁ ምልክት ላይ መሥርታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝታበታለች። በተውኔቱ እንደሚታየው፣ ድርብ ሠረዝና ቃለ አጋኖ ሞትን ትልቅ ትዕይንት ያደርጉታል፤ ነጠላ ሠረዝ ግን በሕይወትና በዘላለም መካከል ያለው አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው ያሰኛል። ተማሪዎች ስንኙን ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በረጅም፣ አንዴ በአጭር ዕረፍት ጮክ ብለው ቢያነቡት ልዩነቱን በጆሯቸው ይሰሙታል።

በቡሪ ያስተማርናቸው ልጆች ዐረብኛ ስለሚያውቁ ሌላ ማነጻጸሪያም ነበረን። በፈላስፋውና በሐኪሙ በኢብን ሲና (እ.ኤ.አ. 980–1037) ስም የሚታወቅ፣ ቤት መምቻው «ዐይን» በተባለው ፊደል የሆነ የነፍስ ቅኔ አለ። በዚያ ነፍስ ከከፍታ የወረደች ርግብ ናት። ወደ ሥጋ የገባችው ሳትወድ ነው፤ ከለመደችው በኋላ ደግሞ መለየቱ ያስጨንቃታል። ግጥሙ ለምን እንደ ወረደች እየጠየቀ ወደ ፍጻሜው ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያስተምራል። ደን ከሞት ጋር ሲጣላ ስለ ነፍስ የተናገረው በጥቂት ቃላት ነው፤ ኢብን ሲና ስለ ነፍስ ሲያስብ ሞትን እንደ ጠላት አልቆጠረውም። እንግሊዛዊው ይፎክራል፤ የምሥራቁ ፈላስፋ ይጠይቃል። «ነፍስ» የሚለው ቃል ራሱ በግእዝ፣ በአማርኛና በዐረብኛ አንድ ሥር መሆኑ፣ በግእዝና በዐረብኛ ብዙውን ጊዜ በአንስታይ ጾታ መነገሩ፣ በአማርኛም «ነፍሱ ወጣች» ማለታችን ለተማሪው ቅርብ ነው። ከመንገዱ ማዶ ፋቲሓ የሚያደርሱት ሰዎችና «ነፍስ ይማር» የሚሉት የእኛ ሰዎች ስለ አንዲቱ ነፍስ በአንድ ቃል ይነጋገራሉ።

ከዚያ በኋላ ያ ክፍል ተበተነ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኀይሎች መካከል ጦርነቱ በካርቱም ተጀመረ። ቡሪ ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ ጎን በመሆኗ እሳቱ ፈጥኖ ደረሰባት። በከተማይቱ ሰው እየሞተ ወደ መካነ መቃብር የሚያደርስ መንገድ ጠፋ። ሬሳ በየግቢው፣ በየመንገዱ ዳርና በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ተቀበረ። በካርቱም ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ሸሹ። ከቀድሞ ተማሪዎቻችን አንዱ ከወራት በኋላ መልእክት ላከልን። አባቱን በሌሊት፣ በተከራዩት ቤት ግቢ ጥግ፣ ያለ ቄስና ያለ ፍትሐት ቀብረው እንደ ወጡ ነገረን። በመጨረሻም «ያ ግጥም አሁን ያናድደኛል» አለ።

ይህን ቃል ከማንኛውም የፈተና መልስ የበለጠ እናከብረዋለን። ምክንያቱም ግጥሙን ከልቡ ያነበበ ሰው ብቻ ነው የሚናደደው። የሚያናድደውም ምን እንደ ሆነ መለየት ይቻላል። የእኛ ሰው «ከሞቱ አሟሟቱ» ይላል። ሞት የማይቀር ነው፤ በዚያ ላይ ክርክር የለንም። የሚያንገበግበን አኳኋኑ ነው፤ ማን አጠገቡ ነበር? ማን ገነዘው? የት ተቀበረ? ደን በግጥሙ ውስጥ ስለዚህ አልተናገረም። ለሞት ተናገረ እንጂ ለቀባሪ አልተናገረም። ግጥሙ ለቅሶ አትድረሱ አይልም፤ አልቅሱም አይልም። ያን ማታ ለጠየቀን ልጅ መመለስ የነበረብን ይህን ነው።

ደን በገዛ ሕይወቱ የሠራውም ይህንኑ ያረጋግጣል። ሞትን «አንተ» ያለው ሰው ሚስቱ ስትሞት ዝም ብሎ አላለፈም። የመቃብሯን ጽሑፍ በላቲን ራሱ ጽፎ በድንጋይ አስቀረጸላት፤ ሐዘኑንም በሌላ ግጥም ገለጸ። የሕይወቱን ታሪክ የጻፈው አይዛክ ዋልተን እንደሚተርከው፣ እርሱም ሊሞት ሲል በመግነዝ ተጠቅልሎ ሥዕሉን አሠራ። መግነዝ የለበሰው ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1666 ካቴድራሉን ካወደመው የለንደን ቃጠሎ ተርፎ ዛሬም በአዲሱ ካቴድራል ቆሟል። ሞትን መናቅና መቃብርን ማክበር በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ኖረዋል። «ሞት አይቀር፣ ስም አይቀበር» የሚለው የእኛ አባባልም ሁለቱን አብሮ ይዟል።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ደን ሞትን ለማዋረድ ሲል የነገሥታት ባሪያ፣ የጦርነት ጎረቤት ያደርገዋል። በክፍል ውስጥ ይህን ስንኝ በፍጥነት እናልፈው ነበር። ከቡሪ በኋላ ግን ማለፍ አልቻልንም። ሞት ባሪያ ከሆነ፣ በደሉ የማን ነው? የታዘዘው ባሪያ ነውን? ወይስ ያዘዘው ጌታ? ገጣሚው ጥያቄውን አላነሣም፤ ስድቡን ተናግሮ ወደ ተስፋው ሄደ። ግጥሙ ግን ጥያቄውን በውስጡ አስቀምጦታል። ውስጠ ወይራ ማለት ይህ ነው። በጦርነት አባቱን ያጣ ተማሪ ቁጣውን በሞት ላይ ብቻ ሳይሆን ሞትን በላኩት ላይ ቢያደርግ፣ ከግጥሙ አልወጣም፤ ይልቁንም ወደ ግጥሙ ጠለቅ ብሎ ገባ እንላለን።

እንግዲህ ይህን ግጥም ለሚያስተምሩ መምህራን ጥቂት ሐሳብ እናቅርብ። አንደኛ፣ ተማሪዎች ግጥሙን በራሳቸው አማርኛ ሁለት ጊዜ ይተርጉሙት፤ አንዴ ሞትን «አንተ» ብለው፣ አንዴ «እርስዎ» ብለው። የትኛው እንደሚስቅና የትኛው እንደሚያስፈራ ራሳቸው ያገኙታል። ሁለተኛ፣ ክርክሮቹን በሰሌዳ ላይ በቁጥር ዘርዝረው የሚጋጩትን ያውጡ፤ ክፍሉም ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ወገን ለደን፣ ሁለተኛው ወገን ለሞት ጠበቃ ይቁም። ሦስተኛ፣ ከአካባቢያቸው ሰው ሲሞት የሚነገሩትን ቃላት፣ «ዐረፈ»፣ «አንቀላፋ»፣ «ነፍስ ይማር» የመሳሰሉትን ሰብስበው እያንዳንዱ ቃል ስለ ሞትና ስለ ነፍስ ምን እንደሚያስብ ይመርምሩ። አራተኛና ዋነኛው፣ መምህሩ ግጥሙን የማጽናኛ መድኀኒት አድርጎ አይስጠው። በክፍሉ ውስጥ በቅርቡ ያዘነ ልጅ ሊኖር ይችላል። ለዚያ ልጅ «ሞት ምንም አይደለም» ማለት ትምህርትም መጽናናትም አይሆንለትም።

ጦሩ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ካርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህ፣ በየግቢውና በየሜዳው የተቀበሩትን አስከሬኖች እያወጡ ወደ መካነ መቃብር የማዛወር ሥራ በከተማይቱ ተጀምሯል። ይህ ዜና ሲደርሰን የተማሪያችንን አባት አሰብን። በመጨረሻ ስንጽፍለት ግጥሙን እንዲወደው አልለመንነውም። ሞትን «አንተ» ማለት ለደን እንደ ተፈቀደ ሁሉ፣ ግጥሙን መናደድም ለእርሱ የተፈቀደ መሆኑን ነገርነው። እርሱም በአጭሩ መለሰ፤ አባቱን ከዚያ ግቢ የሚያወጣበት ቀን ሲደርስ፣ ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ በመቃብሩ ላይ ግጥሙን ሊያነብበት እንደሚፈልግ፣ በእንግሊዝኛ ሳይሆን ራሱ በተረጎመው አማርኛ፣ ሞትን «አንተ» ብሎ።